ከበራችን ፊት የቆመው ገንዳ

ጅግጅጋ፣ የካቲት 2016 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ነው? የደብረ ብርሃን ብርድ ዘንድሮ ብሷል ሲሉ ሰምቼ ስለ አንቺ ሳስብ ሰነበትኩ። ሳልሽስ ተወሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። መርሻ ሰሞኑን ሥራው ደገሀቡር ስለሆነ ቤት የሚያድረው ቅዳሜና እሑድን ብቻ ነው። ሶልያና ደግሞ አያቴ መቼ ነው የምትመጣው እያለች ትነዘንዘኛለች። ይህን ደብዳቤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። በስልክ ያልነገርኩሽ ስንደውል ሁልጊዜ አንድ ሰው አጠገብሽ ስለማይጠፋ ነው። እውነቱን ልንገርሽ ካልሽ ደግሞ ድምፅሽን እየሰማሁ መናገር ፈርቼ ነው።

ባለፈው ለልጅቷ መዋኛ ገንዳ ልንገዛ ነው ስልሽ ሳቅሽብኝ። ውኃ በጀሪካን በሚገዛበት አገር መዋኛ፣ መቼ እንዲህ ሀብታም ሆናችሁ አልሽኝ። በጣም ነው የተናደድኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው እግሯ ክብደቷን መሸከም ስላልቻለ ውኃ ውስጥ መቆም ትለማመድ፣ ውኃው ያግዛታል አለን። ለእሷ የሚሆን ቦታ እዚህ አላገኘንም፤ በየሳምንቱ ድሬዳዋ መመላለስ ደግሞ አይታሰብም። እኔም ከእንግዲህ ላነሳት አልችልም፣ ሐኪም ከልክሎኛል። እስከ ሰኔ አንድ ነገር ይዛ መቆም፣ ከአልጋዋ ወደ ወንበሯ መሻገር ካልቻለች አንቺ ያልሽው ሊሆን ነው፤ አንቺ ዘንድ ልታድግ፣ እኔ በዓመት አንዴ መጥቼ ላያት። በደግነት እንዳልሽው አውቃለሁ። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ደህና እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

ምርጫው ራሱ ከመርሻ ጋር አጣላን። አቅማችን ሶፋ ልንገዛበት ያሰብነው የዕቁብ ብር ብቻ ነበር። መርሻ አሮጌ ሮቶ ገዝተን ከመሐሉ እንቁረጠው፣ እሱም ገንዳ ነው አለ። የተቆረጠው ጠርዝ አገጯ ሥር ሲገባ ታየኝና እምቢ አልኩ። ጃማ የሚባል ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ደግሞ በአየር የሚነፋ አገኘን። ዳክዬ የተሳለበት ነው፤ ሶልያና ካርቶኑን አቅፋ አልለቅም አለች። ዋጋውም ለአቅማችን የሚሆን ነበር። በሩ ላይ አስነፋሁትና ጠርዙን ይዤ ደገፍ ብል እጥፍ ብሎ ይዞኝ ወረደ። ልጄ ምን ይዛ ልትቆም? የዚህ አገር እሾህ ደግሞ የመኪና ጎማ እንኳ አይምርም። ሶልያና እያለቀሰች፣ መርሻ ሰው ፊት አዋረድሽኝ እያለ ወጣን። ጃማ ግን ተከትሎን መጥቶ፣ እህቴ፣ አንቺ የምትፈልጊው መጫወቻ አይደለም፣ የብረት እግር ያለው ከድንበሩ ከተማ ከውጫሌ ላስመጣልሽ አለኝ።

ያመጣልን ያገለገለ ነው። ዙሪያውን የብረት ቧንቧ ይዞታል፣ ሸራው ወፍራም ነው፣ ጥልቀቱ የሶልያና ደረት ድረስ። ማጣሪያ ሞተሩ ጠፍቷል፤ መብራቱ ሲያሻው በሚመጣበት ከተማ ሞተር ምን ይሠራልናል ብለን በዚያው ዋጋ አስቀነስን። ግቢያችን ወደ ሽንት ቤቱ ያዘነበለ ነው፤ እዚያ ብናቆመው ውኃው ወደ አንድ ጎን ገፍቶ ይጥለዋል። ደልዳላው ቦታ ከበራችን ፊት ከጎረቤታችን ከሆዶ ጋር የምንጋራው ሜዳ ብቻ ነበር። ሆዶን ገንዳ እናቁም ወይ አልናት፣ አቁሙ አለች። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርናትም። አንቺ እንኳ ከሳቅሽብኝ ሌላው ምን ሊል ነው ብዬ መርሻን ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ።

እሑድ የውኃ ቦቴ መጥቶ ሲሞላው ሰፈሩ በሙሉ ቆሞ አየ። ሰው ከተበተነ በኋላ መርሻ ተሸክሞ አስገባት። መጀመሪያ ጮኸች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ስትስቅ ደግሞ ታውቂያት የለ፣ እዚያው ሸናች። መርሻ በሚቀጥለው ሳምንት መድኃኒት ጨምረን እናክመዋለን ብሎ በማግስቱ ማለዳ ወደ ደገሀቡር ሄደ።

እሱን ሸኝቼ ልመለስ ስል ሴቶች ቢጫ ጀሪካናቸውን ይዘው ገንዳውን ከበውታል። ቧንቧው ከተቋረጠ ቆይቷል። ሆዶ በጆግ እየቀዳች ታድላለች። ስታየኝ አቅፋ ሳመችኝ። አባዮ፣ እህቴ፣ አላህ ሰደቃሽን ይቀበልሽ፣ ልጅሽን በእግሯ ያቁምልሽ አለችኝ። ሌሎቹም አሚን አሉ። እማዬ፣ ምን ይበሉ? የታመመ ልጅ ያላት ሴት ሰው በሚያልፍበት ቦታ ያን ሁሉ ውኃ ስታቆም እዚህ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ምጽዋት ነው።

ዝም ብል ሊጠጡት ነው። ብናገር ደግሞ የእነሱ ልጆች ጠምቷቸው እኔ በቦቴ ውኃ ልጄን እንደማንቦጫርቅ ላውጅ ነው። አንዲት አሮጊት ጣሳውን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ዘልዬ እጃቸውን ያዝኩ፤ ውኃው ቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ። ተዉት፣ ልጄ ታጥባበታለች፣ ሸንታበታለች አልኩ። ሆዶ ተረጎመችላቸው። ማንም አልተሳደበም። ሆዶ ጀሪካኗን ደፋች፣ ሌሎቹም እየደፉ ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰላምታ ቀረ። ሶልያና ግን ውኃዬ፣ ውኃዬ ትላለች። ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ውኃውን ሲያሞቀው አላስችል አለኝና የሐኪሙን ቃል ረሳሁ። ብድግ ላደርጋት ጎንበስ ስል ከሆዴ ሥር አንድ ነገር ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። ልጄን እንደያዝኩ አፈር ላይ ተቀመጥኩ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ሶልያና ፊቴን አይታ ማልቀስ ጀመረች፤ የምጣራው ሰው ደግሞ አልነበረኝም።

ሆዶ ከበሯ ታየን ነበር። መጣች። ፊቴን ሳይሆን እጄ ያረፈበትን አየች፣ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ጥያቄዋን እዚህ አልጽፈውም፤ በጣቶቼ ቆጥሬ መለስኩላት። አንቺ ሞኝ፣ ይኸን ይዘሽ ነው ልጅ የምታነሺ አለችኝ። ደም አይተሽ እንደሆነ ንገሪኝ ብላ ስትጠይቀኝ አላየሁም አልኳት፣ ወዲያውም ሕመሙ እየለቀቀኝ ሄደ። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ፣ ሶልያናን ከጭኔ ላይ አንስታ ከነቀሚሷ ገንዳው ውስጥ ገባች።

እማዬ፣ ቆመች። ብረቱን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ሆዶ ወገቧን ለቃት ቆመች። ጉልበቷ ተንቀጠቀጠና ወደቀች፣ ውኃ ጠጣች፣ እንደገና ቆመች። አልተራመደችም፤ ከውኃው ውጭም ገና አልሞከረችም። እንዳላጋንንብሽ ነው። አሁን ሆዶ በየቀኑ ትመጣለች፣ እኔ በጠርዙ በኩል ቆሜ አበረታታታለሁ። ያቺን የጠዋቷን ውኃ ግን አንዳችንም አንስተናት አናውቅም። መርሻም ቦቴው ሲመጣ መጀመሪያ የጎረቤቱ ጀሪካን እንዲሞላ ተስማምቶልኛል።

ስለዚህ ሶልያናን አልልክልሽም፣ አትቀየሚኝ። በእግሯ ሳትቆም ሌላ ልጅ እንዳታስቢ ብለሽ አስምለሽኝ እንደነበር አልረሳሁም። ተቆጪኝ፣ ግን እዚህ መጥተሽ ተቆጪኝ። በሰኔ ነይልኝ፣ ከሐምሌም እንዳታልፊ። ስትመጪ የገንፎ ገብስ አስፈጭተሽ ያዥ፤ ቅቤው እዚህ ሞልቷል፣ እንደኛ አገር ገብስ ግን አይገኝም።

እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ጉልበትሽን ለመንገዱ ያጽናልኝ።

የማለችልሽ ልጅሽ