አባዬ ረቡዕ ላይ ቀሩ

ሰኞ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ

ዛሬም ጠዋት ለአባዬ ቀይ ሥር ጨምቄ አቀረብሁላቸው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ «ቀለሙ የደመቀ አትክልት አንጎልን ከጉዳት ይከላከል ይሆናል ይባላል፤ የጠፋውን ይመልሳል ግን አልልሽም» ብላኛለች። እኔ የሰማሁት የፊተኛውን ብቻ ነው።

አባዬ ብርጭቆውን ገፋ አደረጉት። «ረቡዕ አይደል እንዴ! ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ?»

ሰኞ ነው ብል ማን ሰምቶኝ። መርሳት ከጀመራቸው ወዲህ ቀኑ ሁሉ ረቡዕ ሆኖባቸዋል። እኔን ልጃቸውን ረስተውኛል፤ ጾሙን ግን አልረሱትም። ሰውነታቸው አልቋል።

ቢጨንቀኝ ዋሸሁ። የደጁን ጥላ አይተው ሰዓቱን እንዳያውቁብኝ መጋረጃውን ዘጋሁና፣ «ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ ይጠጡ» አልኋቸው። ገና አራት ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር። አመኑኝ። አማትበው ጠጡ። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ፣ ጾም የማስገድፍ!

እኩሌታው ላይ ሲደርሱ አቆሙና ብርጭቆውን መለሱልኝ።

«እግዜር ይስጥሽ፣ የኔ እመቤት። ይችን ለልጄ ለየሺ አስቀምጪልኝ። እሷም እኮ ስትጾም ነው የዋለች።»

የሺ እኔ ነኝ።

«እሺ፣ ስትመጣ እሰጣታለሁ» አልኋቸው።