ውሃ የጠየቅሽበት ትረካ

ይድረስ ለልጄ ለሩቂያ። አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የሰመራ ሙቀት ዘንድሮ ብሶበታል፤ አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ሳቁ እንዳለ ነው።

እኔ አሁንም ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነኝ። ለጅቡቲ መስመር ሹፌሮች የተተረኩ መጻሕፍት በፍላሽ እየጫንኩ አውሳለሁ። አስቀድሜ «የሚያስቸግርህ እንቅልፍ ነው ወይስ ብቸኝነት?» እላለሁ። እንቅልፍ ላለበት የሚያስቅ እሰጠዋለሁ። ለብቸኛው ግን ከመሄድሽ በፊት ቤታችን ቁጭ ብለሽ ስታነቢ የተቀዳውን ነው። መሃል ላይ «እማ፣ ውሃ ስጪኝ» ያልሽውን ባልደረቦቼ እንቁረጠው ቢሉኝም እምቢ ብያለሁ።

ባለፈው ሹፌሩ ዋሲሁን ፍላሹን ሲመልስ «እትዬ አሪፋ፣ ታሪኩስ ደስ ይላል። ግን ለልጅቷ ውሃውን ሰጧት ወይ? ከአዋሽ እስከ ሚሌ እሱን ሳስብ ነው የመጣሁት» አለኝ። «ሰጥቻታለሁ እንጂ፣ ምን ነካህ» ብዬ ሳቅኩ። እሱ ሲወጣ ትረካሽን ከፍቼ ሰማሁት። ውሃ ብለሽ ትንሽ ዝም ትያለሽ፣ ከዚያ ማንበብሽን ትቀጥያለሽ። የእኔ ኮቴ አይሰማም። ወላሂ፣ እንደሰጠሁሽ ማስታወስ አልቻልኩም።

ከረመዳን ወዲህ አልደወልሽም። አሠሪዎችሽ ስልክ ከልክለውሽ ከሆነ አልቀየምሽም። ይህን ደብዳቤ ወደዚያ የምትሄደው ጎረቤታችን ሐቢባ ትሰጥሻለች፤ በእሷ ስልክ አጭር ድምፅ ላኪልኝ። ሌላ ወሬ አያስፈልግም፣ «እማ፣ ጠጥቻለሁ» በይኝ።

አላህ ወደ ደጄ ይመልስሽ።
እናትሽ አሪፋ