የጀማነሽ ሳምንት

የካቲት 3፣ ሰኞ

ፊዚክስ አርባ አንድ አመጣሁ። ከመቶ። መምህሩ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ፊቴን እንኳን አላየም... ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ማትሪክ ሰኔ መጨረሻ ነው። በዚህ ውጤት ወሊሶ ሄጄ አባቴ ፊት እንዴት ነው የምቆመው?

ቁርስ ዳቦ በሻይ፣ አቧራው በነጻ። ከግቢያችን ፊት ለፊት የቀረችው ቤትም ትናንት ፈረሰች። አሁን ከዶርማችን መስኮት ሲታይ ካዛንቺስ እስከ ኡራኤል ድረስ ሜዳ ነው። በዚህ በኩል ቆሞ የቀረ ግቢ የእኛ ብቻ ይመስላል። ሰው የለም፤ ውሾቹ ግን አልሄዱም። ማንን እንደሚጠብቁ እንጃ።

ትናንት ማታ ቀስቃሽ የሚጠራበት ነበር። አርጅቼ ሳነበው ግራ እንዳይገባኝ ልጻፈው። እኛ ከፍ ያልነው አዳሪዎች ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ለጥናት እንነሳለን። ስልካችንን እትዬ ወርቄ፣ የማደሪያችን ኃላፊ፣ ቆልፈውበት ቅዳሜ ብቻ ነው የሚሰጡን። ስለዚህ በየሳምንቱ አንዷ ቀስቃሽ ትሆናለች። ደወል ያለውን ሰዓት ትራሷ ስር አድርጋ ትተኛለች፤ ትነሳና በየአልጋው ትዞራለች። ትንንሾቹ እንዳይነቁ መናገር ክልክል ነው። የእግራችንን አውራ ጣት ይዛ ጫን ታደርግና ታልፋለች። በቃ። እሑድ ከራት በኋላ አንዷ «የሳምንቱ ቀስቃሽ?» ስትል ሁላችንም ባንድ ድምፅ ተረኛዋን እንጠራለን።

የትናንቱ ተራ የጀማነሽ ነበር። ጀማነሽ ደግሞ የለችም። ቤታቸው እዚሁ ሰፈር ቢሆንም ለጥናት ብላ ከእኛ ጋር ነበር የምታድረው፤ ቤቱ ሲፈርስ እናቷ ከተማው ዳር አራብሳ ኮንዶሚኒየም ገቡና እሷንም እዚያው አካባቢ ትምህርት ቤት አስገቧት። ከእኔ በላይ ነበር የምትተኛው... አሁን ባዶ ፍራሽ ነው። ልጆቹ ከተራው እናውጣት ሲሉ ተናደድኩ። ስሟማ አይወጣም አልኩ። ቀድሜ የጮህኩትም እኔ ነኝ። «ጀማነሽ!» ሁሉም ተከተሉኝ፤ ሳቅን። ሰዓቱን ግን ማንም ሳይወስደው መደርደሪያው ላይ አደረ።

ያም ሆኖ ዛሬ በሰዓቱ ተነሳን። አንዷ አዝናልን ቀስቅሳናለች። ያብስራ ትሆናለች። ከአስራ አንደኞቹ እሷን የመሰለ ደግ የለም።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ዛሬም በሰዓቱ። ያብስራን አመሰገንኳት። «እኔ እኮ አንቺ ነሽ ብዬ ነው» አለችኝ።

እኔ? እኔ እንኳን ሰው ልቀሰቅስ...

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ሁሉንም አንድ በአንድ ጠየቅኩ። እኔ ነኝ ያለች የለችም። ሰዓቱ አሁንም መደርደሪያው ላይ ነው፤ አቧራ ለብሷል።

ለማንም ያልነገርኩት አለ። ጀማነሽ እኔን የምትቀሰቅሰው ከሌሎቹ ለይታ ነበር። እንቅልፌ ከባድ ስለሆነ ሁለቴ ጫን፣ ከዚያ ትንሿን ጣቴን ቆንጠጥ። ዛሬ ጠዋት... ሁለቴ ጫን። ቆንጠጥ።

ዐይኔን ገለጥኩ። አልጋዬ ግርጌ ማንም አልነበረም። ከእኔ ቀጥሎ ያለችው ልጅ እግር ግን ብርድ ልብሱ ስር ሲሸሽ አየሁት። የነካኝ እጅ ቀዝቃዛ ነበር። አለቀስኩ። ከፍርሃቱ ናፍቆቱ ባሰብኝ መሰለኝ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ስልክ ቀን። የጀማነሽ ስልክ ዝግ ነው። ለእትዬ ወርቄ ነገርኳቸው። ጥናት በዝቶባችሁ ነው፣ በጊዜ ተኙ አሉ። በዚያው ሰዓቱን ከመደርደሪያው አንስተው አቧራውን በነጠላቸው ጠረጉና መልሰው አስቀመጡት። ሲወጡ መብራቱን አላጠፉም። ሁልጊዜ የሚጮሁብን መብራት አጥፉ እያሉ ነው።

የካቲት 10፣ ሰኞ

የያብስራ ሳምንት ገባ። ደወሉ ጮሆ ጮሆ ሲያበቃ እሷ አልሰማችም። የነቃነው ለቁርስ ነው። እሷ አፈረች፣ እኛ አኮረፍን።

የካቲት 16፣ እሑድ

ዛሬ ማታ «የሳምንቱ ቀስቃሽ?» ሲባል አንዷ ከጥግ ለቀልድ ጀማነሽ ትሁንልን አለች። እሷ አታረፍድ፣ አትረሳ። ሳቁ ሳያልቅ ሁላችንም ጠራናት። እኔም ጠራኋት። ማናችንም ሰዓት ይዘን ሳንተኛ በሰዓቱ መነሳት... ማን ይጠላል?

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ፊዚክስ ስልሳ ሰባት! መምህሩ ወረቀቱን ገልብጦ ስሜን ደግሞ አየው። ለአባቴ ነገ እደውላለሁ።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ጀማነሽን ነው የምንጠራው። ተራ የሚባል ቀረ። ፍርሃቱም ቀረ፤ ሰው ምን የማይለምደው አለ? ትንንሾቹ ብቻ ካልሲ አድርገው መተኛት ጀምረዋል።

ዛሬ ግን ጣቴን ይዛ ቆየች። የደከመው ሰው ግድግዳ ተደግፎ እንደሚያርፍ። እስክትለቀኝ ድረስ ሳልንቀሳቀስ ጠበቅኩ።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ስልኳ ተነሳ። እናቷ ናቸው። ድምፄን ሲሰሙ አለቀሱ።

ጀማነሽ ታማለች። ማታ ትተኛለች፣ ንጋት ላይ ቢያንቀሳቅሷት፣ ውሃ ቢረጩባት አትነቃም። እጇ በረዶ ይሆናል። ፀሐይ ከወጣ በኋላ ስትነሳ ሩቅ መንገድ እንደሄደ ሰው ነው የምታለከልከው። ትምህርቷን ትታለች፤ እህል አይገባላትም። ሐኪም ቤት ምንም አላገኙባትም። ነገ ኡራኤል ጸበል ሊያስጠምቋት ነው።

ከመቼ ጀምሮ ነው አልኳቸው። ከየካቲት መጀመሪያ አሉ።

ስልሳ ሰባት ያመጣሁበትን ወረቀት ደብተሬ ውስጥ ደበቅኩት። ማየት አስጠላኝ።

መጋቢት 14፣ እሑድ

እትዬ ወርቄ አስፈቅደውኝ ሄድኩ። ከቤተክርስቲያኑ አጥር ጥግ፣ ከእናቷ ጋር በነጠላ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ካልጠጋሁ አላውቃትም ነበር። ያቺ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን የምትዘል ልጅ...

እናቷ ውሃ ሊቀዱ ሲሄዱ እጄን ያዘችኝ። ቅዝቃዜውን አወቅኩት።

«ስትጠሩኝ ይሰማኛል» አለች። «እሑድ እሑድ። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ እመጣለሁ።»

ይቅርታ ልላት ፈለግኩ፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለስኩላት። እሷ ግን አልተቆጣችም።

«ደግሞ ሰፈሩ አልፈረሰም እኮ፣ ሀዊ። ስመጣ ሁሉም አለ። ገቢሳ ሱቁን ከፍቶ ዳቦ ይደረድራል። የእኛ ቤት መብራት በርቷል። ሰዉ ሁሉ ደህና አደርሽ ይለኛል። መጀመሪያ ላይ ቶሎ እመለስ ነበር... አሁን መመለሱ ከበደኝ።»

የገቢሳ ሱቅ ሲፈርስ አይቻለሁ። ቆርቆሮውን ራሱ ነው የነቀለው። ይህን አልነገርኳትም።

«አንድ ቀን ሳልመለስ እቀራለሁ» አለች። «አትጥሩኝ። በቃ ስሜን አውጡት።»

ማታ ከራት በኋላ «የሳምንቱ ቀስቃሽ?» ተባለ። አፋቸውን ሳይከፍቱ ተነሳሁ። ጀማነሽ ልትሞት ነው፣ እኛ ነን የምንገድላት አልኳቸው። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ማትሪክ ደርሶ ማን ሊቀሰቅሰን ነው ያለች ነበረች። እኔ አልኩ። እስከ ሰኔ እኔ ነኝ። ሰዓቱን ከመደርደሪያው ወስጄ ትራሴ ስር ከተትኩ። ማንም ምንም ሳይጠራ ወደ ጥናት ሄድን።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

አረፈድኩ። ሁሉም አኮረፉኝ። ማንም እግሬን አልነካኝም... እፎይ። ደግሞ ባዶ ባዶ አለኝ።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ራሷ ደወለች! ራሷ! እናቷ ሳይነሱ እሷ ቀድማ ሻይ አፍልታ ጠበቀቻቸው። ሰኞ ትምህርት ትጀምራለች። ያለፋትን የሂሳብ ምዕራፍ በስልክ አስረዳኋት፤ እትዬ ወርቄ ሰዓቴ አልቆ ሳለ ዝም አሉኝ።

እኔም አሁን ከደወሉ በፊት እነቃለሁ። በየአልጋው ስዞር የሁሉንም እግር ለየሁ። የያብስራ እግር ሁሌ ከብርድ ልብሱ ውጪ ነው። ጫን ሳደርጋት ሳትነቃ ፈገግ ትላለች። እንዲህ ያለ ሥራ እወዳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

የአስራ ሁለተኞቹ ትምህርት አለቀ። ነገ ወሊሶ እሄዳለሁ። ቤት ትንሽ አንብቤ፣ ከዚያ ወደተመደብንበት ዩኒቨርሲቲ ለፈተና። የአስራ አንደኞቹ ፈተና ገና ስለሆነ እዚሁ ይቆያሉ።

ያብስራ ሻንጣዬን ስትዘጋልኝ አለቀሰች። ሰዓቱን ሰጠኋት። ስሜን ከተራው አውጡ አልኳት። አስማልኳት። እሺ አለች፤ አንገቴን አቅፋ እሺ እሺ አለች።

ሰኔ 16፣ ሰኞ። ወሊሶ

ትናንት ራት እየበላን ሰማኋቸው። ብዙ ሴት ልጆች፣ ባንድ ድምፅ ስሜን ሲጠሩ። አባቴ ምን ሆንሽ አለኝ። ምንም አልኩ።

ዛሬ እናቴ ተቆጥታ ነው የነገረችኝ። ንጋት ላይ ልትቀሰቅሰኝ መጥታ እጄ በረዶ ሆኖባታል። ጮኻለች፤ አባቴንም ጠርታለች። የነቃሁት ፀሐይ ወጥቶ ነው። ምን አይነት እንቅልፍ ነው ይሄ፣ ፈተና ደርሶ ትላለች። ፈተናው የፊታችን ሰኞ ነው።

ለእናቴ ያልነገርኳትን እዚህ ልጻፈው። ካዛንቺስ ነበርኩ። መብራቱ በየቤቱ በርቷል። ከሆነ ቤት ሬዲዮ ይሰማል፣ ሴትዮዋ በሯ ላይ ውሃ ትደፋለች። ገቢሳ ከሱቁ ብቅ ብሎ ደህና አደርሽ ሀዊ አለኝ። ገብቼ ልጆቹን ቀሰቀስኩ። ያብስራ ፈገግ አለች። ናፍቄአቸው ነው፣ አውቃለሁ... እኔም እኮ እንዲህ ነበር ያደረግኩት። ስወጣ መንገዱ ላይ ሰው በዝቶ ነበር፤ ሁሉም ያውቀኛል። ወደ ወሊሶ መመለስ እንዳለብኝ ትዝ ያለኝ ብዙ ቆይቼ ነው።

የእትዬ ወርቄን ስልክ ቁጥር አውጥቼ ይዣለሁ። ብደውልላቸው ዛሬውኑ ልጆቹን ይቆጣሉ፣ ይቀራል። ጀማነሽ ምን እንደሆነች አይቻለሁ። ፈተናውም እንዲህ ሆኜ አይሆንልኝም።

ነገ እደውላለሁ።