ሁለተኛው ኮንሰርት

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብንም፤ ተመስገን።

የላክሽልን፣ ዙሪያውን ሁሉ እዚያው እንዳሉ አድርጎ የሚያሳየው የቪአር መነጽር ደርሶናል፤ እጅሽ ይባረክ። አባትሽ የመጀመሪያውን ኮንሰርት ኦርኬስትራው መሀል የተቀመጠ ያህል፣ አንቺን ቫዮሊን ስትጫወቺ ብቻ ሲያይ ጨረሰው። ኮሌታሽን ላቃና ብሎ እጁን ሲሰድማ የሻይ ብርጭቆዬን ሰበረው! በሳቅ ሞትን።

ትናንት አዲሱን የላክሽውን ኮንሰርት ከፈትንለት። “ወንበሯ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች” አለ። “ውሃ ልትጠጣ ወጥታ ይሆናል” አልኩት። ከበሮዎቹ ጀርባ ሳይቀር ፈለገሽ። አልቆ ሲጨበጨብም መነጽሩን አላወልቅም አለ፤ “ትንሽ ልጠብቃት።”

ቤታችን ድረስ ኦርኬስትራ ያመጣሽልን ልጄ፣ ክበሪልን። አልጋሽን አንሶላ ቀይሬ አንጥፌዋለሁ፤ አቧራ እንዳይበላው ብዬ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም።

እናትሽ