የላይኛው ፎቅ ቧንቧ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ? ብርድ ሲገባ ያምህ እንደነበር አልረሳሁም። እትዬና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትልቋ ዘንድሮ ትምህርቷን ጨረሰች ሲሉ ሰማሁ። ከሌላ ሰው አፍ መስማቴ ቢያሳፍረኝም ደስ ብሎኛል። እኔ ለጤናዬ ክፉ የለብኝም። ስለ እንቅልፌ ግን አልዋሽህም፣ ከተለየኝ ስምንት ቀኑ ነው።

ፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፌን ስታይ እንደምትደነግጥ አውቃለሁ። ሰው ሞቶ አይደለም፣ አይዞህ። እናታችን ያረፈች ቀን ተቃቅፈን ካለቀስን ወዲህ አንድ መስመር ጽፌልህ አላውቅም። ያን ቀንም ቢሆን አለቀስን እንጂ አላወራንም። ስልክህ አለኝ። ሰሞኑን ሦስት ጊዜ ደውዬ ገና ሳይጠራ ዘጋሁት። ይሄ ነገር በስልክ አይሆንም፤ አንተ እሺ፣ ግዴለም፣ ተወው ትልና ወሬ ትቀይርብኛለህ። ወረቀት ላይ ግን ልታቋርጠኝ አትችልም። ስለዚህ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

ያንን ባለ አንድ ፎቅ ቤት ታስታውሰዋለህ? ምን ዓይነት ጥያቄ ነው የምጠይቅህ። አረንጓዴ በር ያለው፣ ኮርኒሱ የወደቀው። ባለፈው ሰኞ ከዚያ ቤት ተደወለልኝ። የደወለችው የቤቱ ልጅ ናት። ሽማግሌው አባቷ ካረፉ ወዲህ ቤቱን የያዙት እሷና ባለቤቷ ናቸው። ቧንቧው አርጅቷል፣ ጠዋት ስንከፍተው ውሃው ሻይ መስሎ ነው የሚወርደው፣ ግድግዳውም እዚህም እዚያም ማላብ ጀምሯል፣ ሁሉንም አውጥተህ በአዲስ ቀይርልን አለችኝ። ክው አልኩ። ጊዜ የለኝም ልላት አፌን ከከፈትኩ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ እምቢ ካልኩ ሌላ ባለሙያ ይጠራሉ። ሌላው ባለሙያ ግድግዳውን ይከፍታል፤ ከከፈተ ደግሞ ያያል። ነገ ጠዋት እመጣለሁ አልኳት።

ምን እንደሚያይ አንተም እኔም እናውቃለን። ግን አስራ አራት ዓመት ሙሉ ከአፌ ያልወጣ ነገር ነውና እስቲ አንዴ ልጻፈው። ያኔ የዚያን ቤት የቧንቧ ሥራ ስንካፈል አንተ ምድር ቤቱን፣ እኔ ላይኛውን ፎቅና ወጥ ቤቱን ነበር የያዝነው። በመጨረሻዎቹ ቀናት ቸኮልኩ። አንተም ችኩሌ እያልክ ነበር የምትጠራኝ። ዛሬ ሚስቴ የሆነችው ልጅ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር፣ እኔም ዓይኔ መስኮቱ ላይ እያለ ውሃ እንዳያሳልፍ የሚታሰረውን ቃጫ በቧንቧው ጥርስ ላይ አገላብጬ ጠመጠምኩት። ስንት ጊዜ ነግረኸኛል፤ ቃጫ ከተገላበጠ ቧንቧው ሲጠብቅ ወደ ውጭ ይገፋል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ቀለምም አልቀባሁትም። ውሃ ለቀን አየነው፣ አልተንጠባጠበም፣ ግድግዳው ተለሰነ፣ እኔም ፀጉሬን አበጥሬ ወደ ልጅቷ ሄድኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ከመታጠቢያ ቤቱ ሥር ያለው ኮርኒስ ውሃ ሲጠጣ ሰንብቶ በሽማግሌው ባለቤት በእማማ ላይ ወረደ። ክንዳቸው ተሰበረ። ሽማግሌው ሁለታችንን ሳሎን ውስጥ አቁመው ላዩን የሠራው ማነው ሲሉ ጣቴን ቀሰርኩብህ። እሱ ነው አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። አንተ ዞር ብለህ አየኸኝና መሬት መሬት ማየት ጀመርክ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ከተማውን ዞረ፣ ያንተን እጅ የሚፈልግ ጠፋ፣ ከከተማውም ወጥተህ ሄድክ። ያንተ ደንበኞች ሁሉ ወደ እኔ መጡ። ቧንቧ በጣቱ እየነካ የት እንደሚያፈስ የሚያውቅ ሰው ዛሬ ዘበኛ ሆኖ የመጋዘን በር ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል። ያስቀመጥኩህ እኔ ነኝ።

ታዲያ ማክሰኞ ጠዋት ወደዚያ ቤት የሄድኩት ልጠግን ብቻ አይደለም። ሰባቱን የኔን መጋጠሚያዎች ማንም ሳያያቸው ነቅዬ ከረጢት ውስጥ ልከታቸው ነበር ሐሳቤ። የኔ አጠማጠም በሙያው ላለ ሰው ከሩቅ ይታወቃል፤ የቃጫውን ጫፍ እበጥሰዋለሁ፣ ቀለም እዘላለሁ። አንተ ግን ጫፉን በምላጭ ትቆርጠዋለህ፣ ከዚያ ዙሪያውን ቀዩን የዝገት መከላከያ ቀለም፣ አንቲረስት፣ ትቀባዋለህ። ሽማግሌው ሌላ ባለሙያ አስመጥተው የፈነዳችውን አንዷን አስጠግነዋል ብዬ ነበር የማስበው። የቀሩት ስድስቱ ግን ማን እንደሠራቸው ግድግዳው ውስጥ ሆነው ይመሰክሩብኛል።

እዚያ ቤት ስደርስ የደወለችልኝ ሴት ባለቤት ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ሳሎን ውስጥ ነጭ አንሶላ ዘርግቷል፣ በእጁ ጠመኔ ይዟል። የሚወጣው ብረት ሁሉ እዚህ ይቀመጣል፣ ከየትኛው ክፍል እንደወጣም እጽፍበታለሁ አለኝ። ምን ያደርግልዎታል ስለው፣ የወደቀውን ኮርኒስ ታሪክ ሚስቴ ነግራኛለች፤ የሠራው ወንድምህ መሆኑን አውቃለሁ አይክፋህ፣ ግን እንዲህ አድርጎ የሚሠራ ሰው ሥራው ምን እንደሚመስል በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ አለ። አንተን ነው እንዲህ የሚለው። እኔ ግን መዶሻዬን አወጣሁ።

ከቆጣሪው ላይ ውሃውን ዘጋሁና ቀን ለመግዛት ከምድር ቤቱ፣ ካንተ ሥራ ጀመርኩ። መምህሩ ንቅንቅ አላለም። እኔ አንድ ብረት ባወጣሁ ቁጥር ተቀብሎ በጨርቅ ይጠርገዋል፣ ቁጥር ይጽፍበታል፣ ያስተኛዋል። ፈተና ሊያርም የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ረቡዕ ወጥ ቤት ገባሁ። የመጀመሪያዋን የኔን መጋጠሚያ ከልስኑ ውስጥ ሳወጣ ጀርባዬን ሰጥቼው በሰውነቴ ሸፈንኳት። መፍቻውን ከማስገባቴ በፊት አቧራዋን በአውራ ጣቴ ጠረግኩ። ቀይ ናት። የቃጫው ጫፍ በምላጭ ተቆርጧል።

የዘነጋሁ መሰለኝ። ወጥ ቤቱን የሠራው ወንድሜ ነበር ይሆን አልኩ ለራሴ። ሁለተኛዋን አወጣሁ፤ እሷም ቀይ። ሐሙስ ላይኛው ፎቅ ወጣሁ። መምህሩን አቧራው ለደረትዎ ጥሩ አይደለም፣ እርስዎ ታች ይሁኑ ስለው አፉ ላይ ሻሽ አስሮ፣ ሌላ አንሶላ ይዞ ተመልሶ መጣ። በመሮ ግድግዳውን ስከፍት ሁለቴ ጣቴን መታሁ። አምስቱም አንድ በአንድ ወጡ። አምስቱም ያንተ ናቸው። መምህሩ ሰባተኛዋን አንሶላው ላይ አስተኝቶ ብዙ ካያት በኋላ፣ ቧንቧው በዝገት ተበልቶ ወንፊት ሆኗል፣ መጋጠሚያዎቹ ግን አንዳቸውም ጠብታ አላሳለፉም፣ የዚህ ሰው ስም በከንቱ ነው የጠፋው አለኝ። 

ይህን ጊዜ እማማ ከደረጃው ላይ ድምፃቸው ተሰማ። አርጅተዋል፤ ያቺ ክንዳቸው ገጥማ ቀርታ አትዘረጋም። ግድግዳ ተደግፈው ወጡና በሩ ላይ ቆሙ። ሌላ ባለሙያ እንዳይነካው፣ ታናሽየውን ብቻ ጥሩልኝ ያልኩት እኔ ነኝ አሉኝ። ከዚያ አንሶላውን እያዩ ነገሩኝ። ኮርኒሱ ከወደቀ በኋላ ሽማግሌው ለጉዳይ ከከተማ እስኪወጡ ጠብቀህ መጥተህ እሳቸውን ላስተካክለው ብለህ በር ላይ ለምነሃቸዋል። ሦስት ቀን ብቻህን ስትከፍትና ስትዘጋ፣ ስትለስን ሰንብተሃል። ክፍሉ ጨለም ስለሚል አንድ እጃቸው በጄሶ ታስሮ በሌላው ባትሪ ያበሩልህ እሳቸው ናቸው። የተበላሸችውማ ተጠገነች፣ ደግሞ ያልተበላሹትን ለምን ታፈርሳለህ ሲሉህ፣ ሥራ ነው እማማ፣ ሰው ሳይጨርስ አይሄድም አልካቸው። ያቀረቡልህን ውሃ ጠጥተህ ሄድክ።

እኔ ሰማሁና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ወንድም ጋሼ፣ ተናድጄብሃለሁ። በጥፊ ብትመታኝ ኖሮ ያን ቀን እድን ነበር። ሌላ መጋጠሚያ ቢፈነዳ አንተ ሄደሃል፣ በማን ሊላከክ ነው? የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ያሰብክልኝ ይሄንን ነው። እኔ ጣቴን በቀሰርኩብህ ሳምንት አንተ ተመልሰህ መጥተህ የኔን እጅ ሥራ ስታርም ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነህ? ሚስቴን ይህን ብጠይቃት፣ ወንድም ነዋ አለችኝ።

እማማ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ ልጄ፣ ላዩን የሠራው ማነው አሉኝ። በሽማግሌው ቃል፣ ያኔ ሳሎን ውስጥ በተጠየቅንበት በዚያው ቃል። መምህሩ ጠመኔውን እንደያዘ ቆሟል። ልጃቸውም ከኋላቸው መጥታለች። እኔ ነኝ አልኩ። ወንድሜ አይደለም፣ እኔ ነኝ፣ ክንድዎን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ልጃቸው ከቤቴ ውጣ አለችኝ፣ አልፈርድባትም። እማማ ፊት ላይ ቁጣ ፈለግኩ፣ አጣሁ። ለእሱ ነግረኸዋል ወይ ብቻ ብለው ጠየቁኝ። አልነገርኩትም ስላቸው፣ ታዲያ እኔ ምን አደርግልሃለሁ አሉኝ።

ዓርብ ጠዋት የቧንቧ ዕቃ መሸጫው በር ላይ ለሚቆሙት ባለሙያዎች ሁሉ ነገርኳቸው። አንዱ ከእንግዲህ ማን ያሠራሃል አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሁለት ደንበኞች እስካሁን ቀርተውብኛል። ይቅሩ።

አሁን ልመናዬ አንዲት ናት። እማማ ልጃቸውን አለዝበው ሥራውን አስጨርሰውኛል። አዲሱ ቧንቧ ፕላስቲክ ነው፣ በሙቀት ይያያዛል፣ ቃጫ አይፈልግም። ቆጣሪው ላይ የምትገባው አንዷ መጋጠሚያ ግን ብረት ናት። እሷን አልዘጋኋትም፤ እማማም እሷን አንተ አትነካትም ብለውኛል። ቤተሰቡ ውሃ በጀሪካን ከጎረቤት እያስቀዳ ነው። መምህሩ እንኳ አላጉረመረመም፣ ጀሪካን ተሸክሞ ሲመጣ አይቼዋለሁ። እስከ ቅዳሜ እንጠብቀዋለን ብለዋል። ካልመጣህ ሰኞ ሌላ ባለሙያ ይዘጋታል፤ እኔ ግን እጄን አላስገባባትም። ቃጫውንና አንቲረስቱን ገዝቻለሁ። ምላጩን ከቤትህ ይዘህ ና፣ የኔ አይሆንህም። ልታናግረኝ ካልፈለግክ ከአረንጓዴው በር ውጭ እቆማለሁ፤ ባትሪ አብራልኝ ካልከኝ ደግሞ እገባለሁ።

ፈጣሪ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ በልጆችህ ያስደስትህ፣ ከቤትህ ሳቅ አይጥፋ። እትዬን ሳምልኝ፣ ቅር ካላላት።

ታናሽህ፣
ላይኛውን ፎቅ የሠራው