ዋርካችን ባዶ ቦታ አይደለም

ለተከበሩ የገበያችን የሙቀት መከላከል ግብረ ኃይል ሰብሳቢ፣

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለችው ገበያችን ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? የቢሮዎ ማራገቢያ ያለ ሳንካ እየዞረ፣ ለእርስዎም ለመላው ባልደረቦችዎም መልካም አየር እየነፈሰላችሁ እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እየተጠበስን አለን።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሽንኩርት የምሸጥ ሴት ነኝ፤ ውለታዎን በዝምታ ማለፍ ስለ ከበደኝ ነው በአደባባይ የምጽፍልዎ።

አንደኛ፣ በሁዳዴ ዓርብ፣ ያውም በቀትር፣ ከሙቀት ስለ መጠንቀቅ ሊያስተምሩን በቆርቆሮ አዳራሽ ስለ ሰበሰቡን እናመሰግናለን። «ከሙቀት ራሳችንን እንጠብቅ» የሚለው ትልቅ ጨርቅ መስኮቶቹን በሙሉ ሸፍኖ ስለ ነበር ጽሑፉን በላብ ተጠምቀን አንብበነዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለምንጾም ሰዎች በስድስት ሰዓት የታሸገ ውኃ አድለው፣ የመጠጣትንም ጥቅም ራስዎ እየጠጡ በተግባር ስላሳዩን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። የገበያችን ነጋዴ ወይዘሮ የሺእመቤት ግን ትምህርቱ ሳያልቅ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ተሸክመን ከገበያው ዋርካ ሥር አስተኛናቸው፤ ፊታቸውን አርሰን ስናራግብላቸው ነቁ። የታመመ ሰው አይጾምምና ያደሉንን ውኃ አጠጣናቸው፤ ስለ ውኃው እንኳ ከልቤ አመሰግንዎታለሁ።

ሁለተኛ፣ ይኸው ዋርካ በመጪው ቅዳሜ ተቆርጦ በቦታው ዘመናዊ የቆርቆሮ ጥላ እንዲሠራልን ማዘዝዎን ሰምተናል። ቦታውንም «ማንም የማይነግድበት ባዶ ቦታ» ብለው በስብሰባ ላይ ተናግረዋል። እውነት ነው፣ ማንም አይነግድበትም። ከእናቶቻችን ጀምሮ የገበያችን ሕግ ነው፤ ከዋርካው ሥር ዕቃ አይዘረጋም፣ ሰው ይቀመጥበታል። ሸክም ይዞ በእግሩ የመጣ፣ ነፍሰ ጡርና ሽማግሌ ቅድሚያ አላቸው። ሽንኩርቴ ፀሐይ ላይ ሲበላሽ እንኳ አንድ ቀን ወደዚያ አስጠግቼው አላውቅም። እኛ ለሰው ብለን የተውነውን ቦታ እርስዎ ባዶ አሉት። በዚህ ተናድጃለሁ፤ በትሕትና ልሸፍነው ብል እንኳ አልችልም።

ሦስተኛም ስለ ቢሮዎ ማራገቢያ የምለው ነበረኝ፤ ከዚህ በኋላ ግን ስለ ማራገቢያ ማውራት ቀለለብኝና ተውሁት።

ስለዚህ ለትእዛዝዎ ያለኝን ታላቅ አክብሮት እየገለጽሁ፣ አንታዘዝም። መጋዙ በሚመጣበት ቅዳሜ የገበያው ሴቶች ሁሉ ዕቃችንን ፀሐይ ላይ ትተን በዋርካው ዙሪያ እንቀመጣለን። ወይዘሮ የሺእመቤት ከግንዱ ይደገፋሉ፤ ለመነሣት ምንም ሐሳብ እንደሌላቸው እንድነግርዎ አደራ ብለውኛል። የእርስዎንም ምክር አንዲት ሳናጎድል እንፈጽማለን፤ በቀትር ከጥላ አትውጡ ብለውናልና አንወጣም።

ትምህርትዎ ዘልቆ የገባት፣ ምክርዎን የምትፈጽም አክባሪዎ፣
ወይንእሸት ይርሳው

ማስታወሻ፦ ቦታውን እንዲለኩ የላኳቸው ሠራተኞች ፀሐዩ ቢበረታባቸው ከዋርካው ሥር አረፍ ብለው፣ እንቅልፍም ወስዷቸው፣ ሲነቁ ሜትራቸውን ረስተው ሄደዋል። እኔ ዘንድ በደኅና ተቀምጧል፤ ቅዳሜ ራስዎ መጥተው ይውሰዱት። እግረ መንገድዎን ማረፍ ቢፈልጉም አንከለክልዎትም፤ በእኛ ሕግ ግን በመኪና የመጣ ሰው ተራው ከሁሉ በኋላ ነው።