ሳፋው ከሳሎን ወጣ

ልጄ፣ የረገጥሽው መሬት ይለምልም፤ የፊትሽን ብርሃን አያጥፋብኝ። እኛ ደህና ነን፤ የጉልበቴም ሕመም ለቀቀኝ። ሹራብ ሳትደርቢ አትውጪ።

አሁን እልል በይልኝ! ባለፈው ሳምንት አባትሽና የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ጓደኞቹ ሳሎን ተሰብስበው ጌታ አስቀድሞ የማንን እግር እንዳጠበ ይከራከራሉ። በቧንቧ ሰበብ የተኳረፍነው ጎረቤታችን፣ ልብስ ሰፊው፣ ወገቡን ተጎድቶ ከግድግዳው ማዶ ያቃስታል። ደሜ ፈላ! ሳፋውን መሃላቸው ጧ አድርጌ አስቀመጥኩና፣ «ጎረቤታችን ጎንበስ ብሎ እግሩን መታጠብ አቅቶታል፤ ከእሱ ጀምሩ!» አልኳቸው።

አባትሽ ቀስ ብሎ መጽሐፉን አጠፈ፤ ሳፋውን ተሸክሞ ወጣ። ሌሎቹም ፎጣና ሳሙና ይዘው ተከተሉት። ይኸው ዛሬ ጥናቱ እዚያው ሰውዬው ቤት ነው፤ ሳቃቸው ግድግዳውን ሊያፈርሰው!

ጌታ ከክፉ ይሰውርሽ። ካኮረፍሽው ወንድምሽ ጋር የምትኖሩት አንድ ከተማ ነው። አደራሽን፣ መቼም ሳፋ አታጪም።

እናትሽ